ገላጋዩ ብዙነህ

"ተው! ተው ወንድሜ! ስቶፕ!"

ብዙነህ ኬንን ከኋላው ሁለት ክንዱን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ኬን ይወራጫል። ፊት ለፊቱ የቆመው ሰካራም የቢራ ጠርሙስ ጨብጧል።

ዴንቨር መሀል ከተማ፣ የጃፓኖቹ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ደጃፍ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሰዉ በወረቀት ፋኖስ ሥር ክብ ሠርቶ እየጨፈረ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ሙታናቸውን የሚያስቡት እንዲህ ነው። የብዙነህ ሚስት ዓለምነሽ የምታስታምማቸውን ጃፓናዊት አሮጊት በዊልቸር ይዛ መጥታለች፤ መኪናውን የነዳው ብዙነህ ነው። ይሄ ሰካራም ዘው ብሎ ገባና ዊልቸሩን በእርግጫ አለው። አሮጊቷ አስፋልት ላይ ተደፉ። የልጅ ልጃቸው ኬን ይሄን አይቶ እንዴት ይቻለው? አፍንጫውን በቡጢ ነረተው።

ብዙነህም ሊገላግል ገባ። አገር ቤት ገላጋይ የራሱን ወገን ይይዛል፣ ያንኛውን ደግሞ ሌላው ይይዝለታል። እዚህ ማን ይያዝለት? ሁሉም ቆሞ ያያል!

ጠርሙሱ ኬን ፊት ላይ ተሰበረ። ሰካራሙ በስባሪው ደግሞ ጉንጩን ተረተረው። ብዙነህ ኬንን የለቀቀው ትኩስ ደም ክንዱ ላይ ሲፈስ ነው። ሰካራሙ ሮጠ። ከበሮው ቆመ።

"ያ ሰውዬ ነው ይዞ ያስመታው!" ብላ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ጮኸች።

ዓለምነሽ አሮጊቷን አንስታ መጣች። "መኪናውን አስነሳ! ፖሊስ እየመጣ ነው። ሰኞ የዜግነት ኢንተርቪው አለህ እኮ!"

"ልጁ እየደማ ነው።"

"አምቡላንስ ተጠርቷል። አንተ ምን አጠፋህ? ገላገልክ እንጂ!"

"ባልይዘው ኖሮ ይሸሽ ነበር፣ ዓለም።"

"ይሄን ለፖሊስ ልትናገር? በኢየሱስ ስም!"

ኬን መሬት ላይ ተቀምጦ በአንድ ዓይኑ ቀና ብሎ አየው። "ለምንድን ነው የያዝከኝ?"

ብዙነህ በገዛ እጁ አስፈጅቶታል። ሸሚዙን አወለቀና ተንበርክኮ የልጁን ጉንጭ ተጫነ። በሌላው እጁ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"እንኪ። ካሰሩኝ አንቺ ንጂ።"

ፖሊሱ ሰዉን እየገፈተረ ደረሰ። "የያዘው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ብዙነህ፣ እጁን ከቁስሉ ላይ ሳያነሳ።