የወደደ ሲጠብቅ

"ማነው ይኼ በእኔ ቦታ የሚመልስ?" አለችና ዘቢደር የድምፅ ማጉያውን ገመድ ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው።

ዘፈኑ ግማሹ ላይ ቀረ። ልጇ ያፊት ስልኳን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ሳክስፎን የሚነፋው ጓደኛዋ ኤራን የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናትና የልጅን ፊት በየተራ ያያል። አማርኛ አይሰማም፤ ቁጣ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

"እማዬ፣ ገና የመጀመሪያው ዘፈን እኮ ነው።"

"የመጀመሪያው እንዲህ ካደረገኝ የመጨረሻውማ ይቀብረኛል። ደግሞስ እንዲህ የሚንቀረፈፈው ምን ሆኖ ነው? የሠርግ ዘፈን ነበር። ሙሽራዋ ሞተችባችሁ እንዴ?"

ያፊት ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። እንደዚህ ባለ ሰዓት በዘቢደር ፊት የሚስቅ ሰው ዘቢደርን የማያውቅ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የያፊት አባት ሽበሺ ቀን ቀን ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ሣጥን ሲሸከም ይውልና ማታ ማሲንቆውን ያነሣ ነበር። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው፤ ፊደል ስለማያውቅ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። እዚህ እስራኤል ውስጥ፣ ከከተማችን ከረሆቮት እስከ ሰሜኑ ድረስ፣ የእኛ ሰው ልጁን ሲድር የሽበሺ ዘፈን ሳይዘፈን ሠርጉ ሠርግ አይባልም ነበር። ካሴቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ኖሮ አለቀ፤ አሁን እነሱ ቤት አንድ ብቻ ቀርቷል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው የሽበሺ ፎቶ ብቻ ነው። ተቀባይዋ ግን ዘቢደር ነበረች። እሱ ያወርዳል፣ እሷ ትቀበላለች። ፎቶዬ የት አለ ብላም አታውቅም፤ ድምፅ ያለው ሰው ፎቶ ምን ያደርግለታል?

ሽበሺ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የተቀበረ ዕለት ዘቢደር፣ "ተቀባይም ካውራጁ ጋር ተቀብሯል" አለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ያፊት የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ጃዝ ነው የምትዘፍነው። የአባቷን ዘፈኖች በራሷ መንገድ፣ በፒያኖና በሳክስፎን፣ አንድ አልበም ሙሉ ዘፍናቸዋለች። እሑድ ጠዋት ሸክላ ወደሚታተምበት ፋብሪካ ይላካል። እናቴ ሰምታ እሺ ሳትል ግን አልልክም ብላ ምላለች። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጀንበሯ ከሰፈራቸው ከክፋር ግቢሮል ሕንፃዎች ጀርባ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ሰንበት ከገባ ማሽን አይነካም፤ ዛሬ እምቢ ካለች ደግሞ፣ ሰንበት ሲወጣ ዘቢደር ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።

በሩ ተከፈተ። የታችኛዋ ጎረቤት ተናኜ የሰንበቱን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ገባች።

"ምን ሆናችሁ ነው? ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁሽ።"

"ልጄ ናት! አባቷን ራሷ ተካች፣ እኔን ደግሞ በቆርቆሮ ተካችኝ።"

"ቆርቆሮው ምን አለ?"

"እኔ የምለውን ነዋ የሚለው! ለዚያ እኮ ነው የሚያናድደኝ።"

ተናኜ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወገቧን ያዘች። "እና ዘቢዬ፣ አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ዘፈኑ መላሽ አጥቶ ይሙት? በልጄ ሠርግ ለምኜሽ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ፣ እምቢ አልሽ። ምን ላድርግ፣ እኔው ተቀበልኩ። ሰው ሁሉ ፍየል ገባች ብሎ ወደ በሩ ዞረ!"

ያፊት አሁን ሳቋን መዋጥ አቃታት። ኤራን ምን እንደተባለ ጠየቃት፤ በዕብራይስጥ ነገረችው። እሱ ግን አልሳቀም። ሣጥኑን ከፍቶ ሳክስፎኑን አወጣ።

"እማማ" አለ። የሚያውቃት አማርኛ እሷ ብቻ ናት። የቀረውን በዕብራይስጥ ተናገረ። ዘቢደር ቂርያት ቫይዝማን በሚሉት የቢሮዎች መንደር ስታጸዳ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ዕብራይስጥ ስትፈልግ ትሰማለች፣ ሳትፈልግ አትሰማም። አሁን ፈለገች።

"ቦታሽን አልወሰድኩም" አላት። "ካሴቱ ላይ የሰማሁት አንቺን ነው። የት ላይ እንደምትተነፍሺ፣ የት ላይ ድምፅሽን እንደምትጥዪ፣ ከአንቺ ነው የተማርኩት። ስሚኝና ውጣ ካልሺኝ እወጣለሁ።"

"ያላ፣ በል ንፋው" አለች ዘቢደር።

ያፊት የአባቷን ስንኝ በለሆሳስ አወረደች፦

ደጅሽ ላይ ቆሜአለሁ፣ ጀንበር እስኪያዘቀዝቅ፤

ኤራን ነፋ። ቃል የለውም፤ ግን እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፦

ቁም እንጂ ምን ይሆናል፣ የወደደ ሲጠብቅ።

የዘቢደር እጅ ዳቦው ላይ ቀረ። መጨረሻዋ ላይ "ሲጠብቅ" የምትለውን ሰበር አድርጋ ነበር የምትጥላት፤ ኤራንም ልክ እንደዚያው ጣላት። ሁለተኛው ዙርም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ዙር ላይ ያፊት ያንኑ ስንኝ አወረደች፤ ኤራን ግን አልነፋም። ቆየ። ተናኜ ቆርቆሮው ተበላሸ ብላ ወደ ዘቢደር አየች። ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ ኤራን ቀስ ብሎ ዜማው ውስጥ ገባ።

ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደና፣ "ይቺ ናት ያስቸገረችኝ" አለ። "እንዲህ ዘግይቶ መግባት በየትም አልተማርኩም። ብዙ ተለማመድኩ። ይኼን ስልት ማን አስተማረሽ?"

ዘቢደር አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

"ስልት! ስሚ ተናኜ፣ ስልት ነው አለኝ!" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና በአገጭዋ ወደ ያፊት ጠቆመች። "ያቻትልህ ስልቱ። እሷ ናት።"

"እኔ?" አለች ያፊት።

"አንቺ ነሻ! ከአገር ቤት እንደመጣን ያሰፈሩን ካራቫን ቤት ውስጥ እያለን ነው የቀዳነው። ቴፑን ተውሰን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን። አንቺ በአንቀልባ ጀርባዬ ላይ ነሽ። ሦስተኛው ዙር ላይ ራበሽና ተንፈራገጥሽ። ዘፈን እየተቀዳ ነው ብለሽ መች ትታገሻለሽ! ፈትቼ አውርጄ ጡቴን ሰጠሁሽ። እስክትይዢው ድረስ አፌን አልከፈትኩም።"

"አባዬስ?"

ዘቢደር ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"አባትሽ ማንንም ጠብቆ አያውቅም። አውቶቡስ እንኳ አይጠብቅም፣ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ሙሽራው ዘገየ ብሎ ሠርግ ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ያችን የማሲንቆውን አንዲት ክር እየገዘገዘ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። በኋላ፣ እንደገና እንቅዳው ተበላሽቷል ቢሉት፣ አይነካም አለ። አልነካነውም።"

 ኤራን ነገሩን እንድታስረዳው ያፊትን አየ፤ ያፊት ግን መሬት መሬት ታያለች።

"እማዬ... ቆርጠነዋል።"

"ምኑን?"

"መጠበቁን። ስቱዲዮ ያሉት፣ ሰው ሲሰማው ስህተት ይመስለዋል አሉ። ኤራን እምቢ ብሎ ተጣላቸው። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።"

ተናኜ ከአሁን አሁን ትጮሃለች ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። ዘቢደር አልጮኸችም። የያፊትን እጅ ሳበችና ዳቦ እንደምትነካ በቀስታ ዳበሰችው።

"ስህተትማ ነው" አለች። "ግን ልጄ፣ በሰዓቱ የመጣን ሰው ማን ይጠብቃል? የሚጠበቅ የዘገየ ነው።"

ያፊት ስቱዲዮ ልትደውል ስልኳን አነሣችና ወደ በረንዳው ወጣች። በመስታወቱ በኩል በዕብራይስጥ ስትከራከር ይሰማል፤ መጀመሪያ በልመና፣ ቀጥሎ በእናቷ ድምፅ። "እንግዲያው አይታተምም" አለች፤ ዘቢደርም ሰማቻት። የስቱዲዮው ሰውዬ ተረታ መሰል። ከዚያ "ቤሰደር" ብላ ተስማምታ ስልኩን ዘግታ ገባች።

"ይመልሱታል። ቅዳሜ ማታ እንደነበረ ያደርጉታል።" ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "አሁንስ እሺ ትያለሽ?"

 ዘቢደር ተነሥታ የምግብ ማሞቂያውን ፕላታ ለኮሰች፣ ድስቱን ጣደች፣ ጀንበሯን በመስኮት አየች። ጥቂት ቀርቷታል። ከዚያ ዞራ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

"አውርጂ" አለች።

"ምን?"

"ሦስተኛውን ዙር አውርጂ እላለሁ! ሰንበት ይጠብቀኛል እንዴ?"

ያፊት ቀና ብላ ቆመች። ድምፅ ማጉያው አሁንም እንደተነቀለ ነው። ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል አወረደች፦

ደጅሽ ላይ ቆሜአለሁ፣ ጀንበር እስኪያዘቀዝቅ፤

ኤራን ሳክስፎኑን ወደ አፉ አነሣ። ዘቢደር ጣቷን አቆመችበት።

"አንተ ቆይ።"

ያፊት የመጨረሻዋን ድምፅ ይዛ እንደ አባቷ ክር ታንጎራጉራለች። ተናኜ፣ "ኧረ አንቺ ሴትዮ!" ብላ አፏን ያዘች። ዘቢደር ሻሿን ፈታች፣ አራገፈችው፣ እንደገና አሰረችው። ጉሮሮዋን ጠረገች። ልጇን አየቻት፤ ልጇ እየጠበቀቻት ነው።

አልቸኮለችም።