ሄፓሪን የነካው ናሙና

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱ ጉበት ከበሽተኛው የደም ሥሮች ጋር ተሰፍቶ ባለቀ ጊዜ፣ ከረዳቶቹ ሌላ በቀዶ ጥገና ክፍሉ የነበሩት ቀዶ ሐኪሙ፣ የሰመመን ሐኪም የሆነችው ታናሽ እህቱና አንዲት ነርስ ናቸው። በሽተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ደሙ አልቆም ብሏል።

«ናሙና ቅጂ። ምን ይጎትትሻል?» ሲል ሐኪሙ ነርሷን አጣደፋት።

ነርሷ ደም ቀድታ መርጋቱን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ ጨመረች። ደም ሲረጋ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ለሁለት ተከፍሎ እንደ ዓሣ ይወፍራል። የሾፌሩ ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ይኸው፣ አይረጋም። ማርጊያውን መድኃኒት ስጪው» አላት ሐኪሙ እህቱን።

እሷ ግን ከበሽተኛው ሆድ የሚወጣውን ፋሻ ታይ ነበር። ደሙ ጓል ጓል ሠርቶበታል። የማይረጋ ደም ከየት አምጥቶ ጓል ይሠራል?

«ከየትኛው ቱቦ ቀዳሽ?» ስትል ነርሷን ጠየቀቻት።

«ከእጁ።»

«የፊተኛውን ደም ጥለሻል?»

ነርሷ መሬት መሬት አየች። «ዶክተር ሲያዋክቡኝ ረሳሁት።»

የእጁ ቱቦ እንዳይደፈን በሄፓሪን ይታጠባል፤ ሄፓሪን ደግሞ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። የፊተኛው ደም ካልተጣለ መሣሪያው የሚለካው ሰውየውን ሳይሆን ሄፓሪኑን ነው።

«እንደገና ይቀዳ» አለች እህቲቱ።

«ሰው እጄ ላይ እያለቀ አንቺ ሲኒማ ታያለሽ? እናታችን ናት ያሞላቀቀችሽ።»

«እናታችንን ተዋት፣ ጋሼ። ማርጊያውን ያለ ቦታው ብሰጠው አሁን የሰፋኸው ሥር ይደፈናል፤ ጉበቱም ይሞታል። የሚደማው ያልቋጠርከው ቦታ ነው። ፈልግ።»

«ለእኔ ሥራ ልታስተምሪ? ነርስ፣ አንቺ ስጪው።»

ነርሷ ማርጊያው ያለበትን ስሪንጅ አነሳች። እህቲቱ ከእጇ መንጭቃ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው።

«በደም ሥሩ የሚገባውን መድኃኒት የማዘው እኔ ነኝ። ታላቅነትህን ቤት ስንገባ ታሳየኛለህ።»

አዲስ ናሙና ተቀዳ፤ የፊተኛው ደም ተጥሎ። መስመሩ ትንሽ አንገራገረና ተከፍሎ ወፈረ። እህቲቱ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። እሱ ግን እንዳላየ ሆኖ ጉበቱን ቀና አደረገ፤ ከጀርባው የምትደማ ቀጭን ሥር አገኘ። ጥርሱን ነክሶ ቋጠራት።

ሾፌሩ በማግስቱ ነቅቶ ውሃ ጠየቀ። ቀዶ ሐኪሙ የሰመመን ሐኪም ይቀየርልኝ ብሎ አመለከተ፤ ተቀየረለት።