በበር የማይወጣው ጠረጴዛ

አናጢው ያንን ጠረጴዛ የሠራው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ታፈላለች። የሠርጋቸው ሰሞን ዝናቡ የእንጨት ሥራ ቤቱን ቢያጥለቀልቀው፣ ጣውላውን ተሸክሞ ቤት ገባ። ከመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ልጆቹ በማዕዱ ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ ናቸው የሚለውን አንብቧል። እና ለቡቃያዎቹ ቦታ እንዳይጠባቸው ብሎ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ሠራ። ያለ አንዲት ሚስማር! እግሩን ከላዩ ጋር አዋድዶ፣ በማጣበቂያ ጠርቅሞ፣ ለፈጣሪው እንደሚሠራ ሰው ነው የሠራው።

ከዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ፤ እነሱ ግን አልወለዱም።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ራስ ስታበጥር ትሰነብትና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ያልተቀመጠባቸውን ስድስት ወንበሮች ትወለውላለች። የሰፈሩ ሰው ባሏን «አባ ወንበር» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ አናጢ ናቸው፤ ምላሳቸውን ይቁረጠውና! ባልየው ሲጠሩት ይስቃል። እሷ ግን አንድ ቅዳሜ አቧራ መጥረጊያዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

«ይሄ ጠረጴዛ ከዚህ ቤት ካልወጣ እኔ እወጣለሁ» አለችው።

«አንቺ ከምትወጪ እሱ ይውጣ። ቃሌ ነው» አላት። ፊቱ ግን ጠቆረ።

አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ልትገዛው ተሸካሚ አስከትላ መጣች። አነሡት፤ በሩ ላይ ሲደርስ አልወጣም። በጎኑ አዞሩት፣ አልወጣም። በእግሩ ሞከሩት፣ በራሱ ሞከሩት፣ አንዱ ተሸካሚ ጣቱን ተቀረቀረና እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረ። የሰውን በር ሲለካ የሚውል አናጢ የገዛ በሩን ሳይለካ! እግሩ ደግሞ በመጋዝ ካልተቆረጠ በቀር ንቅንቅ አይልም።

«የተቆረጠ ጠረጴዛ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ባለ ምግብ ቤቷ ሄደች።

አናጢው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሳቁ ሲታገለው ሚስቱ አየችውና ደሟ ፈላ። «ቆይ ብቻ» አለች በልቧ፣ «በዚያው በመጽሐፍህ ነው የምይዝህ!»

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ሲያነብ አጠገቡ ቁጭ አለች። «የተጻፈውን ሁሉ ነው የምትፈጽመው ወይስ የጣመህን?»

«ሁሉንም ለመፈጸም እሞክራለሁ» አላት፣ ነገሯ እየሸተተው።

«ምሳ ስታዘጋጅ ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥራ የሚልም አለበት አይደል?»

«አለበት።»

«ጠላትህን ውደድ የሚልስ?»

ራሱን አከከ። «እሱም አለበት።»

«እንግዲያው ለእሑድ ምሳ ጠረጴዛህን እኔ እሞላልሃለሁ።»

እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ጣጣው ይሄ ነው፤ ተጽፏል ካሉት መግቢያ ቀዳዳ የለውም። እሷም ተንኮሏን ጨርሳለች፤ አንድ እሑድ የማይቻሉ ሰዎች አስቀምጬለት ራሱ መጋዙን ካላነሣ ምን አለች በሉኝ! መርጣ መርጣ ጠራቻቸው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የተጣሉትን ባልቴት፣ እትዬ ምላስን። የምግብ ጸሎት እንደ ስብከት የሚያስረዝሙትን ዓይነ ስውር ዘማሪ። ጆሯቸው የከዳቸውን ጡረተኛ ፖስተኛ። ከሁሉም በላይ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሥራ ያቆሙትን፣ ያንን ስም ያወጡትን ሽማግሌ አናጢ።

መጡ። ዘማሪው ጸለዩ፣ ጸለዩ፣ ሾርባው በረደ። እትዬ ምላስ ቀመሱና «ጨው የለውም» አሉ፤ ሁለቴ ግን አስጨመሩ። ፖስተኛው ያልተጠየቁትን ሲመልሱ ዋሉ። ሽማግሌው አናጢ በምሳው መሐል ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። ወደቁ ተብሎ ሁሉም ደነገጠ። እሳቸው መገጣጠሚያውን በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ሲዳብሱ ቆይተው ብቅ አሉ።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ጠርዙን መታ መታ አድርገው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አባ ወንበር ብለውም ዳግመኛ አልጠሩትም።

«እነዚህ ናቸው የወይራ ቡቃያዎችህ?» አለችው ሚስቱ ወጥ ቤት ጎትታ አስገብታው። «ከአራቱ አፍ ተለቅሞ አንድ ሙሉ ጥርስ የማይገኝ! ቡቃያ ስትል ግንድ መጣልህ!»

«ግንድም ያቆጠቁጣል» አለና ሳህኑን ይዞ ወጣ።

መጋዙ አልተነሣም። በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይጠራቸው መጡ፤ ከዚያም ቀሩ አይባልም። እሷም ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን ትጮህ ጀመር። «እጅ ታጥባችኋል? እትዬ፣ ከሰው ሳህን አይነሣም አላልኩም! አባባ ፖስተኛው፣ ሹራብዎን ይልበሱ፣ ይበርድዎታል!» አንድ ቅዳሜ ወንበሮቹን ልትወለውል ብትገባ አቧራ የሚባል የለም፤ ያለው የዳቦ ፍርፋሪ ነው። ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ጠራረገችውና ለእሑድ ድንች መላጥ ጀመረች።

እንዲህ ሳሉ፣ በአንዱ እሑድ፣ ባለ ምግብ ቤቷ ግንበኛ አስከትላ ከተፍ አለች።

«መላ ተገኘ! የበሩን ጎን አፍርሰን ጠረጴዛውን እናወጣና ግድግዳውን በራሴ ወጪ መልሼ አስገነባዋለሁ።»

ፖስተኛው እንኳ ሰሙ። እትዬ ምላስ ሳህናቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ሽማግሌው አናጢ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ። ባልየው ሚስቱን አየና ዓይኑን ሰበረ፤ ቃል ሰጥቷታላ።

ባለ ምግብ ቤቷ ሽማግሌዎቹን ገረመም አደረገቻቸው። «እንግዳ አለሽ እንዴ? ሌላ ቀን ልምጣ?»

ሚስቲቱ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማለች።

«እንግዶች አይደሉም» አለች። «ልጆቼ ናቸው። ጠረጴዛውም አይሸጥም።»

አናጢው ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ተነሣ፤ የቀሩትን ሁለት ወንበሮች ሳበና ሴትዮዋንና ግንበኛውን አስቀመጣቸው። ጠረጴዛው ከተሠራ ጀምሮ ሲሞላ ያን ቀን ገና መጀመሪያው ነበር።

የሚስቲቱን እናት የሚያህሉት እትዬ ምላስ ሾርባቸውን ቀመስ አደረጉና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እማዬ» አሉ፣ «ዛሬም ጨው የለውም።»