የድግስ ድምቀት

ኃይለየሱስ የእህል መጋዘኑን በር ከውስጥ ቀርቅሮ፣ ጫማውን አወለቀና ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣ። የሆስፒታሉ ሚዛን መቶ ሠላሳ ላይ ስለሚያልቅበት ሐኪሙ ትክክለኛ ክብደቱን አውቆ እንዲመጣ ነግሮታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስንዴ ሲመዝን የኖረ ሰው የራሱን ለማወቅ ይህን ያህል ማፈሩ ለራሱም ገረመው። እንደምንም ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን አስተካከለ። አንድ ኩንታል ከስልሳ ስምንት ኪሎ።

«ከነጆንያው ነው እንግዲህ!» አለ ጮክ ብሎ። ቅዳሜ ስለሆነ ግን መጋዘኑ ውስጥ የሚስቅለት አልነበረም። ጫማውን አድርጎ፣ በየመቶ እርምጃው እያረፈ ወደ ሆስፒታል ወጣ።

ሐኪሙ ከኩባ የመጣ ወጣት ነው። የሚያስተረጉምለት ሲስተር ዘይቱና ናት፤ የአሰላ ልጅ፣ ከባላገሩ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሐኪሙ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከኃይለየሱስ ጋር በአማርኛ የምትግባባ። ሐኪሙ ቁጥሩን ሲሰማ አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ኃይለየሱስ የፈራው።

«ጋሼ ኃይለየሱስ፣ ልብዎ ደክሟል» አለችው ዘይቱና። «እንዲህ እንዳሉ ሦስት ዓመት መቆየትዎን ዶክተሩ ይጠራጠራሉ። እሳቸው ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ እዚያ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉልዎ ይችላሉ። ሁለት ዓይነት አለ፤ መምረጥ ያለብዎ እርስዎ ነዎት።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

ሐኪሙ ሁለቱን ዓይነት በየራሱ ወረቀት ላይ ሥሎ ኃይለየሱስ ፊት ዘረጋ።

«የመጀመሪያው ጨጓራዎን በስፌት ያሳንሰዋል። የቡና ሲኒ የምታህል ትቀርልዎታለች። ከሦስት ጉርሻ ካለፉ ይመለስብዎታል፤ ለዕድሜ ልክ ነው። ግን ከተጠነቀቁ ያኖርዎታል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ጨጓራ አይነካም። አንጀትዎን ነው የሚያሳጥሩት። እንደ ድሮዎ ይበላሉ፣ ሰውነትዎ ግን ምግቡን አይወስደውም።»

«ታዲያ ይሄ አይሻልም?»

ዘይቱና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። «ጉበት ይጎዳል። ተቅማጡም አይለቅም። በሁለት በሦስት ዓመት ጉበታቸው አልቆ የሞቱ አሉ፤ ሐኪሞችም እየተዉት ነው። ዶክተሩ የመጀመሪያውን ይመክሩዎታል። ለሁለቱም ግን አስታማሚ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት አብሮዎት የሚቆይ ሰው። ቤተሰብ አለዎት?»

«ሰው ሞልቶኛል» አለ ኃይለየሱስ።

እውነትም አሰላ ውስጥ እሱን የማያውቅ አልነበረም። ከኢተያ እስከ ሁሩታ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው ኃይሌ ነው። እሱ ካልተቀመጠበት ድግሱ ድግስ አይመስልም። ሴቶቹ ተራ በተራ ያጎርሱታል፣ ወንዶቹ ይቆጥሩለታል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ድግስ የሌለበት ቀን ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም። ሚስት አላገባም። እናቱ እማማ ተሻለች ካረፉ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። የዘወትር ራቱን ከምግብ ቤት በሳህን አምጥቶ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ይበላል። ለመኖር ብሎ ጨጓራውን ቢያሳንስ ማን ይጠራዋል? ሦስት ጉርሻ በልቶ ለሚነሳ ሰው ማን ቦታ ይለቃል? ይህ ነው ያስጨነቀው።

ወደ ቤቱ ሲወርድ ከራሱ ጋር ተማከረ። ነገ ወይዘሮ አፀደ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ደግሰዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «እኔ አስታምምሃለሁ» ካለው፣ ቢበላም ባይበላም ሰው አለው ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ይመርጣል። እንዲህ ወስኖ ልቡ ቀለል አለው።

እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ተራዝሞ እንግዳው የገባው ከቀትር በኋላ ነበር። ኃይለየሱስን እንደ ልማዱ መሀል አግዳሚው ላይ ብቻውን አስቀመጡት። ትሪው ሲቀርብ እጁን አልሰደደም።

«ምነው ኃይሌ፣ ጾም ገባ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ የሰፈሩ ቀልደኛ።

«አሞኛል ጋሽ ሀብቴ። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ልገባ ነው። ሦስት ሳምንት የሚያስታምመኝ ሰው ፈልጌ ነበር።»

«አንተን ለማገላበጥ አንድ ሰው ምን ይበቃል! አንድ ሙሉ ጓድ አብዮት ጥበቃ ይታዘዝልህ እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃይለየሱስም ከልማዱ የተነሳ አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሳቁን ዋጠና «የምሬን ነው» አለ።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ትሪ ትሪውን ማየት ጀመረ።

«አጨዳ ባይደርስብኝ ኖሮ…» አለ ካሣዬ፣ ሳይጨርሰው።

«እኔን ያየህ እንደሆን ጉልበቱም የለኝ» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔማ ይህን አራስ ቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ ኃይሌ? አምላክ ያውቃል።»

ኃይለየሱስ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አያቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ በሁሉም ቤት በልቷል፤ የአንዳቸውም ልጅ ታሞ ሳይጠይቅ የቀረበት ጊዜ የለም። ልሂድ ብሎ አሰበ፤ ባዶው ክፍሉ ትዝ ሲለው ግን መነሳት አቃተው።

«ኧረ ተወው!» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም። «ሐኪም ምን ያውቃል! ሆድ ካገር ይሰፋል!»

ሰዉ ሳቅ ናፍቆት ኖሮ እንደገና ፈነዳ። ወይዘሮ አፀደ እፎይ እያሉ ከዶሮው ወጡ አጥቅሰው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። «በል አፍህን ክፈት! አሞኛል ብለህ ከእጄ አታመልጥም!»

በግራ እጃቸው አገጩን ደገፍ አድርገው አጎረሱት። እጃቸው ይሞቃል።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለች ሌላዋ፣ ሁለተኛውን ይዛ። ከዚያ ሦስተኛዋ መጣች። ካሣዬ መቁጠር ጀመረ። ቤቱ ደመቀ።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። ኃይለየሱስ ወንበሩን ስለፈራው ቆመ።

«ወሰኑ ጋሼ?» አለች ዘይቱና።

«ሁለተኛውን።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ቅዳሜ በደንብ አላስረዳሁዎት ይሆናል። ሁለተኛው ማለት…»

«አስረድተሽኛል። ጉበት ይበላል።»

«ታዲያ? አስታማሚ አጥተው ነው? ለእሱ መላ እንፈልጋለን።»

ኃይለየሱስ ለመቀለድ አፉን ከፈተ፤ ቀልዱ አልመጣለትም።

«ልጄ፣ የሰው እጅ ፊቴን የሚነካኝ ሲያጎርሱኝ ብቻ ነው» አላት።

ሐኪሙ ቀና ብሎ ምን እንዳለ ጠየቃት። ዘይቱና ሊመጣ ያለ እንባዋን መልሳ፣ ሁለተኛውን መርጧል ብቻ አለችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና የመጀመሪያውን ሥዕል እንደገና ወደ እሱ ገፋው።

ኃይለየሱስ ሥዕሉን ሳያየው አጠፈው። ከዚያ ብዕሯን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ፣ ከሁለተኛው ሥዕል ሥር ፈረመ።