የእማዬ ሹራብ

የእናቴ መኝታ ቤት ጣሪያ በሻጋታ ከጠቆረ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቴ በበረኪና ፈትጌ አጸዳሁት፤ ሁለቴም ተመልሶ መጣ። እሷ ደግሞ ስትስል ትውልና "ይሄ ቤትሽ ሊገድለኝ ነው" ትለኛለች፣ ያሻገትኩት እኔ ይመስል።

ዛሬ ባለሙያ አመጣሁ። መሰላል ላይ ወጥቶ የአየር ቱቦውን ክዳን ሲፈታ፣ ከውስጥ ጠፋ የተባለውን የእናቴን አረንጓዴ ሹራብ ጎትቶ አወጣ። ርሷል፣ ሻጋታው ጠጉር አብቅሎበታል።

"ማነው ይሄን እዚህ የወተፈው?" አለ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አለች እናቴ፣ ምንም ሳይመስላት። "ነፋስ እየመታኝ እኮ ነው።"

ሰውዬው ቱቦውን ጠርጎ፣ ጣሪያውን መድኃኒት ቀብቶ ሲጨርስ፣ አየር ካልተንቀሳቀሰ ሻጋታው እንደሚመለስ ቁጭ አድርጎ አስረዳት። እሷም "እሺ የኔ ጌታ፣ ገብቶኛል" እያለች ራሷን ነቀነቀች።

በር ድረስ ሸኝቼው ስመለስ ወንበር ላይ ቆማ አዲሱን ፎጣዬን ቱቦው ውስጥ ትጠቀጥቃለች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ታዲያ" አለችኝ፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ "ሰውዬው እንዲህ ለፍቶ አጽድቶት አቧራ ይግባበት?"