ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት

ያ መንገድ ሳይሠራ፣ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያለው መንደር ክረምት በገባ ቁጥር ከሰው ይቆረጥ ነበር። ጭቃው ጉልበት ይውጣል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ካልሆነ አትወጣም። አንድ በጋ ላይ እድሩ ተሰብስቦ "ማንንም አንጠብቅ" አለ። ገረጋንቲው በመዋጮ ተገዛ፣ ድልደላው በመንደሩ ጉልበት ሆነ። መሬቱን የሰጠው የአስካለች ባል መገርሳ ነው። ከአባቱ ከወረሳት የጤፍ ማሳ ጠርዙን ቆርጦ "ለሰው መሄጃ ከሆነ ምን እላለሁ" አለና አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለው። እሱ ካረፈ በኋላ አስካለች እዚያው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ከፈተች። በጋሪና በባጃጅ የሚመጣላት እህል ነው ልጇን ሞቲን ያሳደገላት።

ከዚያ ልማት መጣ። በመንደሩና በዋናው አስፋልት መካከል ያለውን ሜዳ አንድ ባለሀብት ለመጋዘን ወሰደው፤ የገረጋንቲውንም መንገድ አስፋልት አለበሰው። ሰዉ እልል አለ። አስካለች ራሷ ምርቃቱ ላይ ከበሮ መታለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ባለሀብቱ መንገዱ አፍ ላይ ኬላ ተከለ። መጀመሪያ የሚከፍለው ከባድ መኪና ብቻ ነው ተባለ። ቀጥሎ ሚኒባስ መጣ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ በመጨረሻ የጋሪ ፈረስ ሳይቀር። ለእግረኛ የተተወችውን ቀዳዳ ዘበኛው ደስ ሲለው ይከፍታታል፣ ሲከፋው ይቆልፋታል። ወረዳ ድረስ ሄደው ቢጮኹ "መንገዱ የኢንቨስተሩ ነው፤ ፀረ ልማት አትሁኑ" ተባሉ። የኢንቨስተሩ! ከመገርሳ ማሳ የተቆረጠው መንገድ።

ነገሩ የፈነዳው አቶ ወልደየሱስ የተቀበሩ ዕለት ነው። ሽማግሌው በገረጋንቲው ጊዜ ዶማ ይዘው ከዋሉት አንዱ ነበሩ። አስከሬናቸውን የጫነው አይሱዙ ኬላው ጋ ሲደርስ ዘበኛው ብረቱን አላነሳም።

"ክፈሉ።"

"አስከሬን ነው እኮ የጫንኩት!" አለ ሾፌሩ።

"መኪና ነው። ትእዛዝ አለብኝ።"

አስካለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቀስተኛው መሃል ወጣች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ሳጥኑን አውርዱት" አለች። "ሰውዬው ራሳቸው የሠሩት መንገድ ላይ ይረፉ።"

ወንዶቹ ተያዩና አወረዱት። ካህናቱ ብረቱ ሥር ፍትሐት ጀመሩ። ከኋላ የተደረደሩት የሲሚንቶ መኪኖች ክላክሳቸውን ሲያስጮኹ ቆይተው አንድ በአንድ ዝም አሉ። በመጨረሻ ዘበኛው ስልክ ደውሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ብረቱን አነሳው። ቀብሩ ተፈጸመ። ከቀብር ሲመለሱ ግን የሟቹ ባለቤት "ድንኳኔን እዚያው ኬላው ፊት ትከሉልኝ" አሉ። የእድሩ ድንኳን አስፋልቱ መሃል ተተከለ።

ያን ዕለት የቀረ ሰው አልነበረም። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላት የስልጤዋ ዙለይኻ ሱቋን ዘግታ መጣች። ልጇ ነቢል ባጃጁን መንገዱ ላይ አጋድሞ አቆማት። የጭነት መኪናው ሰልፍ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ ተዘረጋ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደገብርኤል በምድር ባቡር ሲሠሩ ስለ ሠራተኛው መብት ተናግረው የታሰሩ ሰው ናቸው፤ የሞቲም የክርስትና አባት። ድንኳኑ መሃል ቆመው "ይህ ብረት ሳይነቀል ይህ ድንኳን ቢነቀል፣ ስሞት እንዳትቀብሩኝ!" አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ዙለይኻ እንባዋን ጠረገች።

በማግስቱ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ዳኛውን ለብቻቸው ወደ ቢሮው አስጠራቸው። ሻይ ሁለት ጊዜ ሲገባ ታየ። ሲወጡ ፈገግ ብለው ነበር።

"ተስማምተናል" አሉ። "ሰኞ ኬላው ይነሳል። እነሱም ሰው ፊት እንዳያፍሩ እኛ ዛሬ ድንኳኑን እናንሳላቸው።"

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ብረቱ ይነሳ፣ ከዚያ ድንኳኑ" አለች ዙለይኻ።

ብዙዎች "እውነቷን ነው" እያሉ አጉረመረሙ። አቶ ወልደገብርኤል አልተከራከሩም፤ ወደ አስካለች ዞሩ። "አስካለ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ።"

ታውቃቸዋለች። መገርሳ ታሞ በተኛ ጊዜ በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱት እሳቸው ነበሩ። "ዙለይኻ፣ እኔ ዋስ ነኝ" አለች። "አበልጄ ዋሽተው አያውቁም።" ከዚያ ጎንበስ ብላ የድንኳኑን የመጀመሪያ ገመድ በእጇ ፈታች።

ሰኞ ብረቱ አልተነሳም። ገና ሲነጋ ፖሊስ መንደሩ ገብቶ ነቢልን ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ከየቤታቸው ለቅሞ ወሰደ። የእግረኛዋም ቀዳዳ በቆርቆሮ ተበየደች። ሴቶቹ በወንዙ ዞረው፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተሰበሰቡ። አስካለችና ዙለይኻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። አንድ ሳጅን ወጣ።

"ሁከት የቀሰቀሱት እነሱ ናቸው፤ የራሳችሁ ሰው ነው የነገረን" አለ። ወዲያው አስካለችን አያት። "ሳጥኑን ያስወረድሽው አንቺ ነሽ አይደል? ዳኛችሁን አመስግኚ። 'አበልጄን ተዉልኝ' ብለው ባይለምኑልሽ፣ አንቺም ከውስጥ ነበርሽ።"

የዙለይኻ እጅ ከእጇ ወጣ። አልገፋቻትም፣ አልተሳደበችም። እጇን ብቻ አወጣች።

አስካለች ብቻዋን ተመለሰች። በወንዙ ልትዞር ኬላው አጠገብ ስትደርስ የአቶ ወልደገብርኤልን የመጨረሻ ልጅ፣ ያን ለዓመታት ሥራ አጥቶ የተቀመጠውን፣ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ዘበኞቹን ሲያዝ አየችው። እሱም አያት፤ ፊቱን አዞረ።

አቶ ወልደገብርኤል ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር።

"አበልጄ፣ ነቢልን ማን ጠቆመ?"

"ግቢ እንጂ አስካለ፣ አረፍ በይ።"

"አላርፍም። ማን ጠቆመ?"

ሬዲዮውን ዘጉት። "ድንኳኑ አንድ ቀን ቢጨምር የሚመጣው ጥይት ነበር። ጥቂት ልጆች ይጠየቁ፣ ሌላው ይተዋል አሉኝ። እኔ መንደሩን ነው ያዳንኩት። አንቺንም ጭምር።"

"ልጅህስ?" አለች። አንተ ማለቷን የሰማችው ካለች በኋላ ነው፤ አላረመችውም። "ልጅህን ኬላው ላይ አለቃ ያደረጉት መንደሩን ስላዳንክ ነው?"

"አንቺም እናት ነሽ። ይገባሻል።"

"ዙለይኻም እናት ናት። እኔን ማን አድናት አለህ? ምነው እኔንም ባሳሰርከኝ! ቢያንስ ሰው ፊት እቆም ነበር።"

አስካለች የግቢውን በር እንደተከፈተ ትታው ወጣች።

ነቢል የተፈታው መስቀል አልፎ ነው። ከስቶ፣ ባጃጁም ተወርሳበት። እድሩ ሌላ ዳኛ መረጠ፤ ወልደገብርኤል ለስብሰባ መምጣት ተወ። ኬላው ግን አልተነቃነቀም። ባለጋሪዎቹ ሌላ ወፍጮ ለመዱና የአስካለች ወፍጮ ዝም አለ። ሞተሩን ከሳሪስ የመጣ ነጋዴ በርካሽ ወሰደው።

ነቢል በተፈታ ማግስት አስካለች እንኳን ለቤቱ አበቃው ለማለት ወደ ዙለይኻ ሱቅ ሄደች። ዙለይኻ ከባንኮኒው ጀርባ ስኳር ትመዝናለች። በርጩማው አጠገቧ ነበር፤ ቁጭ በይ አላለቻትም።

"ሰውየው ከድቶን ነው እንጂ፣ ዙለይኻ፣ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። በመገርሳ አጥንት!"

"አውቃለሁ" አለች ዙለይኻ። የስኳሩን ፌስታል ቋጠረች። "አንቺ እንደማታውቂ አውቃለሁ። ግን እሱንማ ማን አምኖት? ድንኳኑን ያነሳነው አንቺን አምነን ነው።"

ከአስካለች ኋላ የቆመውን ደንበኛ "ምን ልስጥህ?" አለችው።