ያልተጠየቀ ፈቃድ

ሙባሪክ ከአንድ የባጃጅ ባለቤት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ዓረቦን ተቀብሎ ደረሰኝ ሲቆርጥ አባቱ በመስታወቱ በር ገቡ። ወልቂጤ በሚገኘው የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ በሠራባቸው ዓመታት አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። ወለሉ ሲያብረቀርቅ አይተው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ አስቀራቸው።

«አባባ! ምነው፣ ሰላም አይደለም እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው። ሥራህን ጨርስ» አሉት አቶ ሸረፋ። ከዚያም ለደንበኞች በተደረደረው ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ከረባት ይመለከቱ ጀመር።

ከመስቃን ገጠር እዚህ ድረስ መኪና እየቀያየሩ የመጡት ለደህና ነገር እንዳልሆነ ሙባሪክ ገብቶታል። ሊጠይቃቸው ግን ፈራ። አገር ቤት ስሙ «የኢንሹራንሱ ሙባሪክ» ነው። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ሲቀበል የሚውል ሰው፣ ለራሱም ሳይተርፈው አይቀርም ብለው ያስባሉ። ከረባቱ አንድ መሆኑን፣ ሁለቱን ሸሚዝ ማታ ማታ እያጠበ እንደሚያፈራርቅ ማን ይንገራቸው? የደመወዙን ግማሽ አከራዩ ይወስዳሉ፤ በቅርቡ ደግሞ ጨምረውበታል። የቀረውን የጤፍና የዘይት ዋጋ ይጨርሰዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቹ ሲጠሩት «ምሳዬ ቤት ተሠርቶ ይጠብቀኛል» ይላቸውና መስጊዱ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዓቱን ይገፋል።

ባለፈው አረፋ እነ ራምዚ፣ አብረውት ያደጉትና ትምህርቱን ትተው መርካቶ የገቡት ልጆች፣ ለእናቶቻቸው ልብስ፣ ለቤቱ ስኳርና ዘይት በጆንያ ጭነው እንደሚገቡ ያውቅ ነበር። ዲግሪ የያዘው እርሱ ግን ደመወዙ ከበዓሉ ቀድሞ አለቀበት። ወላጆቹ ዘንድ ደወለና «ፈቃድ ከለከሉኝ» አላቸው። አመኑት።

ባለ ባጃጁ ሲወጣ አቶ ሸረፋ ተነሡ። «አለቃህ የት ናት?»

«አባባ፣ ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ…»

አልሰሙትም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ወርቅውሃ በራቸውን ገርበብ አድርገው ስለነበር አባቱ ቀጥ ብለው ገቡ።

«ልጄ፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ባለፈው አረፋ ሙባሪክን ከለከላችሁት፤ ሥራ ነውና አልተቀየምንም። የዘንድሮው ደርሷል፤ ለዚህኛው ግን ልቀቁልኝ። እናቱ ዓይኗ ጠፍቷል። መልኩን ባታየው ድምፁን እንኳ ትስማ።»

ሙባሪክ ተከትሏቸው በሩ ጋ ደርሶ ነበር። የሰማውን ገና ሳያምን ወይዘሮ ወርቅውሃ ግራ ተጋብተው መልስ መስጠት ጀመሩ።

«አባቴ፣ እግዜር ይማራቸው። እኔ ግን ሙባሪክን ከልክዬው አላውቅም። ጠይቆኝም አያውቅ። የዓመት ፈቃዱ ተጠራቅሞ ሊቃጠል ነው፤ ውጣ ስለው እምቢ የሚለው እሱ ነው።»

አቶ ሸረፋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «እንዲህ ነው?» ብቻ አሉ። ከዚያ ሴትዮዋን መርቀው ወጡ።

ሙባሪክ ተከትሏቸው ወጣ፤ ከቢሮው አጥር ሥር ደረሰባቸው።

«መቼ ነው ዓይኗ የጠፋው?»

«ቀስ በቀስ ነው። ባለፈው አረፋ አንዱ ዓይኗ ደክሞ ነበር። 'ሙባሪክ ሲመጣ ሐኪም ቤት ይወስደኛል፤ እሱ አነጋገሩን ያውቅበታል' ትል ነበር። ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ 'ሥራ ላይ ነው፣ እንዳትነግሩት፣ ይጨነቃል' አለች። ኋላ እኔው ወሰድኳት። ሐኪሙ 'የዓይን ግፊት ነው፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይተርፍ ነበር' አለኝ።»

ሙባሪክ አጥሩን ተደገፈ። በመንገዱ ላይ ባጃጆቹ ይርመሰመሳሉ፤ በአብዛኞቹ መስታወት ላይ እርሱ በእጁ የሰጣቸው የኢንሹራንስ ምልክት ተለጥፏል።

«አንተስ ምን ሆነህ ነው የቀረኸው?» አሉት አባቱ።

«ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ። ደመወዙ ከኪራይና ከእህል አያልፍም፣ አባባ። የነ ራምዚ እናቶች አዲስ ለብሰው ሲወጡ እማ የእኔን ስትጠብቅ ታየኝ።»



«እኛ እኮ ለአረፋ በሬ አልጠየቅንህም» አሉ አቶ ሸረፋ።

ሙባሪክ ተመልሶ ገባና ፈቃዱን ጠየቀ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ወዲያው ፈረሙለት። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ባለፈው ዓመትም ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ ሻርፕ አይቶ ቆመ። ባለሱቁ ደንበኛው ነው፤ በዱቤ ቢለው አይከለክለውም። እናቱ አረንጓዴ ትወዳለች። ከዚያ ግን ቀለሙን እንደማታየው ትዝ አለውና አለፈው።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከተማውን ወጥተው እንሰቱ ግራና ቀኝ ሲታይ አቶ ሸረፋ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ሳትጠይቅ መቅረትህን ለእናትህ እንዳትነግራት። 'ያለ ልጄ ሥራው አይሆንላቸውም፣ ለዚያ ነው የከለከሉት' እያለች ለጎረቤት ስታወራ ነው የከረመችው። እንደዚያው ይቅርላት።»

«እሺ» አለ ሙባሪክ።

ጥቂት እንደሄዱ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። እየመጣሁ ነው።»

«ሙባሪክ! ፈቀዱልህ? አልሐምዱሊላህ!»

«እማ… ያኔም አልከለከሉኝም ነበር። እኔ ነኝ ያልጠየቅኳቸው። የምይዝልሽ አጥቼ አፍሬ ነው የቀረሁት።»

አባቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አሁንስ ምን ይዘህ ነው የምትመጣው?» አሉ እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምንም» አለ ሙባሪክ። «ምንም አልያዝኩም፣ እማ። ባዶ እጄን ነው የምመጣው።»